ዋሱ ዘመድ ሲሆን፦ ደብዳቤ ለልጄ

ጎንደር

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽም እኔም ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነን። ባለፈው በስልክ ስናወራ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ስለያዝሽው ሐሳብ ጠይቀሽኝ ነበር፤ መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገረንና በቅጡ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ያልሽው ይህ ነው፦ በቋንቋና በማንነት የተከፋፈለች ትንሽ አገር ልጆቿ እርስ በርስ መተማመን ሲያቅታቸው፣ ከእነርሱ የሚበረቱ መንግሥታት በውል ዋስ ሆነው ቢገቡላት ምን ክፋት አለው? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህንኑ ነገር አንድም ሳይቀር በወረቀት አስፍራ የሞከረች አገር ስላለች፣ መልሴን በእርሷ ታሪክ ላይ ተመሥርቼ ልጻፍልሽ። አገሪቱ ቆጵሮስ ናት። የእርሷን ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የእኛን ደግሞ ዓ.ም. እያልሁ እጽፋለሁ።

እንግሊዝ ደሴቲቱን ከኦቶማን ቱርክ እጅ የተረከበችው በ1878 ነበር። በእንግሊዝ ዘመን መጨረሻ ላይ ከነዋሪው አምስት እጅ አራቱ ገደማ ግሪክኛ ተናጋሪ ክርስቲያን፣ አንድ እጅ የማይሞላው ደግሞ ቱርክኛ ተናጋሪ ሙስሊም ነበረ። በብዙ መንደር ተቀላቅለው ይኖሩ ነበር፤ ከቱርኮቹም የደሴቲቱን ግሪክኛ አቀላጥፎ የሚናገረው ጥቂት አልነበረም። ልጆቻቸው ግን የሚማሩት ለየብቻ ነበር፤ አንደኛው ወገን ትምህርቱን የሚቀዳው ከአቴና፣ ሌላኛው ከአንካራ። ዕድሜዬን በመምህርነት ስለጨረስሁ ይሆናል፣ እኔ ከጠመንጃው አስቀድሞ የሚታየኝ ይህ ነው። በ1955 ኢዮካ የተባለው የግሪኮች ድብቅ ጦር ደሴቲቱን ከግሪክ ጋር ለማዋሐድ በእንግሊዝ ላይ ሲነሣ፣ ቅኝ ገዢው ረዳት ፖሊሶችን በብዛት የመለመለው ከቱርኮቹ ነበር። ሸማቂው የገደለው ፖሊስ ቱርክ በሆነ ቁጥር ከገዢ ጋር የተጀመረው ጠብ የጎረቤታሞች ደም እየሆነ ሄደ። ቱርኮቹም «ደሴቲቱ ትከፈል» የሚል የራሳቸውን ድብቅ ጦር አቋቋሙ።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ፤ የሕግ ተማሪ ስለሆንሽ እዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ አትሰለቺም። በ1959 ግሪክና ቱርክ በመጀመሪያ ዙሪክ ላይ ተስማምተው ጨረሱ፤ የቆጵሮስ ሰዎች ለፊርማ ለንደን የተጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ኦገስት 16 ቀን 1960 ነፃነት ሲታወጅ ሕገ መንግሥቱ ሁሉን ነገር በቁጥር አካፍሎ ነበር፦ ፕሬዚዳንቱ ግሪክ፣ ውሳኔ የመሻር ሥልጣን ያለው ምክትሉ ቱርክ፤ ከምክር ቤቱ 50 መቀመጫዎች 35ቱ ለግሪክ፣ 15ቱ ለቱርክ፤ የመንግሥት ሥራ 70 ለ30፣ ሠራዊቱ 60 ለ40። የግብር ሕግ ለማውጣት እንኳ የሁለቱ ወገን ተወካዮች ለየብቻ አብላጫ ድምፅ መስጠት ነበረባቸው። ሰንደቅ ዓላማው የግሪክ ሰማያዊም የቱርክ ቀይም እንዳይኖርበት ተብሎ በነጭ መደብ ላይ የደሴቲቱ ካርታና ሁለት የወይራ ዝንጣፊዎች ተሣሉበት። በዚህ ሁሉ ላይ የዋስትና ውል ተጨመረ። ዋሶቹ እንግሊዝ፣ ግሪክና ቱርክ ናቸው። በአንቀጽ 4 መሠረት ውሉ ሲጣስ ሦስቱ ይመካከራሉ፤ በጋራ መሥራት ካልተቻለ ግን እያንዳንዳቸው ውሉ የፈጠረውን ሁኔታ ወደ ቦታው ለመመለስ ብቻ እርምጃ የመውሰድ መብት አላቸው። እንግሊዝ ለዋስትናዋ ዋጋ ይመስል ከደሴቲቱ ሦስት በመቶ የሚሆነውን መሬት ለሁለት የጦር ሰፈሮች አስቀረች፤ ዛሬም የእርሷ ነው።

ይህ ሥርዓት ሦስት ዓመት ብቻ ቆየ። በ1963 መገባደጃ ፕሬዚዳንቱ ሊቀ ጳጳስ መቃርዮስ ሕገ መንግሥቱ 13 ቦታ ላይ ይሻሻል ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ የቱርኮቹን የመሻር ሥልጣን የሚያነሣ ስለነበረ አንካራ ውድቅ አደረገችው። ዲሴምበር ላይ በዋና ከተማይቱ በኒቆስያ ደም ፈሰሰ። አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል በከተማይቱ ካርታ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ ተኩስ ማቆሚያ መስመር አሠመረ፤ ስሙም አረንጓዴ መስመር እንደተባለ ቀረ። 25,000 ገደማ ቱርኮች ቤታቸውን ጥለው በታጠሩ ቀበሌዎች ተከማቹ። ይህን ያደረገባቸው የባሕር ማዶ ጦር አልነበረም፤ የአገራቸው ታጣቂዎች ናቸው፤ ይህን ዘልሎ ታሪኩን ከ1974 የሚጀምር ሰው ካጋጠመሽ የአንድ ወገን ጠበቃ መሆኑን እወቂ። በ1964 ቱርክ ልትዘምት ስትሰናዳ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆንሰን ጠንከር ያለ ደብዳቤ ጽፈው አስቆሟት። ዋሽንግተንን ይበልጥ ያስጨነቃት ሁለት የኔቶ አባላት እርስ በርስ መዋጋታቸው፣ ሶቪየት ኅብረትም በመካከላቸው መግባቷ ነበር፤ የቆጵሮስ ገበሬ ዕጣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

በ1966 ዓ.ም. ክረምት እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ራዲዮኑ በእኛው አብዮት ወሬ ተሞልቶ ሳለ የቆጵሮስ ዜና በመካከል ይሰማ ነበር፤ አያትሽን የገረማቸው ጳጳስ እንዴት ፕሬዚዳንት ይሆናል የሚለው ብቻ ነበር። ጁላይ 15 ቀን 1974 በአቴና ሥልጣን የያዙት መኮንኖች የደሴቲቱን ብሔራዊ ዘብ አዝዘው መቃርዮስን ገለበጡ። አስተውዪ፤ ውሉን ያፈረሰው ከዋሶቹ አንዱ ነው። የቱርኩ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤጄቪት ለንደን ሄደው አብረን እንግባ ብለው ጠየቁ፤ እንግሊዝ እዚያው ደሴት ላይ ጦር እያላት እምቢ አለች። ጁላይ 20 ቱርክ አንቀጹን ጠቅሳ ብቻዋን ከኪሬንያ አጠገብ ወረደች። በቀናት ውስጥ የአቴናው አገዛዝ ወደቀ፤ በመፈንቅለ መንግሥቱ የተሾመውም ሰው ወረደ። በውሉ ቃል ከሄድን የዋሱ ሥራ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት፤ የሚመለሰው ሁኔታ ሊመለስ ተቃርቦ ነበርና። ሆኖም ኦገስት 14 ሁለተኛ ዘመቻ ተከፈተና ከደሴቲቱ ከሲሶ በላይ ተያዘ። ከ150,000 በላይ ግሪኮች ወደ ደቡብ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቱርኮች ወደ ሰሜን ተፈናቀሉ። «ለመመለስ ብቻ» የሚለው ቃል ከጻፉት አንዳቸውንም አላሰረም።

እንኳን የአገር፣ የሁለት ቤተሰብ ጠብ እንኳ እዚህ ጎንደር ሲሸመገል የአንዱ ወገን አጎት የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሆኖ አይቀመጥም፤ ቢቀመጥም ዳኝነቱን የሚቀበለው አይገኝም። በቆጵሮስ ግን ከሦስቱ ዋሶች ሁለቱ አጎቶች፣ ሦስተኛው መሬቱን ይዞ የቀረ የቀድሞ ጌታ ነበሩ። ለዋስትናው መፍረስ ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ የአንቀጾቹ ድክመት ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ዋስ የሚሆን ዘመድ ሲገኝ ደግሞ በአገር ውስጥ ያለው ወገን ከጎረቤቱ ጋር መስማማት ግድ አይሆንበትም። ግሪኩ አቴናን፣ ቱርኩ አንካራን እያየ ለምን ይለሳለስ?

ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ ካሣ ምርጫ መንገድ ከፈቱለት፣ ስንቅም እንዲያገኝ አደረጉ፤ ጦሩ ሲመለስ የተወላቸው መድፍና ጠመንጃ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው እስኪነግሡ ድረስ ጠቅሟቸዋል። የቋራው ካሣም ንጹሕ አልነበሩም፤ ከዚያ ዓመት ተኩል ቀድመው ይህችኑ ጎንደርን ዘርፈው አቃጥለዋታል፤ እኛ ጎንደሬዎች እያወቅን እንወዳቸዋለን። እንግሊዝ ያን ጊዜ ጉዳዩን ጨርሶ ወጣ፤ ሁሉም ግን አይወጣም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ አገሩን በነገድና በቋንቋ እየሸነሸነ «አማራ» ያለውን ግዛት ዋና ከተማ እዚሁ አደረገ። ፒያሳ ላይ ይህን ደብዳቤ የማስገባበት ፖስታ ቤትም የዚያው ዘመን ሥራ ነው፤ ሕንጻው ያማረ መሆኑን አልክድም።

ዛሬ የኒቆስያው አሮጌ አየር ማረፊያ ሁለቱን ወገኖች በሚለየው የተባበሩት መንግሥታት ቀጠና ውስጥ እንደተዘጋ አለ፤ ከ1974 ጀምሮ ያልበረረ ትራይደንት አውሮፕላንም ሞተሩ ወልቆ እዚያው ቆሟል። ከሰሜን ካለው ተራራ ገጽ ላይ ቱርኮቹ በሰሜን ያቆሙት መንግሥት ግዙፍ ባንዲራ ተሥሎ ከደቡቡ ከተማ ይታያል። በ1983 የታወጀውን የሰሜን መንግሥት ከቱርክ በቀር ያወቀለት የለም። በ2004 የመዋሐጃ ዕቅድ ለድምፅ ሲቀርብ ከቱርኮቹ 65 በመቶ ደግፈው ከግሪኮቹ 76 በመቶ ተቃወሙ፤ በሳምንቱ ደሴቲቱ እንደተከፈለች የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች።

እንግዲህ የውጭ ሰው በምንም መልኩ አይግባ እያልሁሽ አይደለም። በቆጵሮስ የጠፉ 2,002 ሰዎች ስም ተመዝግቧል፤ ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ባለሙያዎች ከተባበሩት መንግሥታት ተወካይ ጋር ሆነው አብረው ይቆፍራሉ፣ አጥንቱን በአንድ ቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ፣ በዘር ምርመራ ለይተው ለየቤተሰቡ ይመልሳሉ፤ እስካሁን ከ1,000 በላይ ተለይቷል። ገንዘቡን በብዛት የሚሰጠው የውጭ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን እጅ እኔም እቀበላለሁ፤ ጦር የለው፣ ከወገኖቹ አንዱን ልጄ አይል። በጽሑፍሽ ውስጥ ዋስነትን የምትደግፊ ከሆነ ግን ዋሱ ማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚዛመድ፣ ሥራው ማለቁን ማን እንደሚወስንና ካልወጣ ማን እንደሚያስወጣው በአንቀጽ በአንቀጽ እንድትጽፊልኝ እፈልጋለሁ። የመጨረሻውን ጥያቄ የ1960ውን ውል የጻፉት ሕግ አዋቂዎች ባዶ ትተውታል። ለጥምቀት ስትመጪ ረቂቁን ይዘሽልኝ ነይ፤ በቀይ እስክሪብቶ ሳልነካው እንደማልመልስልሽ ታውቂያለሽ።

አባትሽ