«ሄርኒያ» ከምትሉ «ቡአ» በሉልን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ እህል እሸጣለሁ። በጤና ዓምዳችሁ ስለ «ሄርኒያ» የጻፋችሁትን ሱቄ በር ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ኩንታል የሚያወርዱት ልጆች ሻያቸውን እየጠጡ ሰሙኝ፤ ማንም ምንም አላለም። «ቡአ እኮ ነው» ስላቸው ሳቁ። ማታ ሸራ ሳለብስ አንደኛው ተመልሶ መጣ። ጆንያ መሐል ቆሞ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ጋሼ፣ የኔ ስተኛ ይገባል፣ ሳስል ይወጣል» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። እኔም ስድስት ዓመት ደብቄዋለሁ። ቀኝ ብሽሽቴ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበረኝ፤ በነጠላ ጠፍሬ አስሬው ጤፍ እመዝን ነበር። ስሙ ስድብ ከሆነ ማን አፉን ይከፍታል?

በኋላ ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ነገሩ የኛው የጆንያ ጣጣ ሆኖ አገኘሁት። የሆድ ግድግዳ አንድ ቦታ ሲሳሳ አንጀት ወይም ሞራ በዚያ ይሾልካል። መድኃኒት ተውጦ አይደፈንም። ድሮ ግራና ቀኙን ስቦ መስፋት ነበር፤ ተወጥሮ ስለሚውል አንዳንዴ ይተረተራል። አሁን መረብ ያደርጉበታል። እኛስ ያረጀ ጆንያ ሲቀደድ እራፊ አይደል የምንጥፍበት?

መረቡ ውድ ነው ብዬ ስፈራ ስለ ዩጋንዳ ነገረኝ። የአጎበር ጨርቅ አምክነው፣ ከፋብሪካው መረብ ጋር በ302 ወንዶች ላይ አወዳደሩት። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ቡአው ተመልሶ በመምጣት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «የአልጋችንን እንዳታወርድ ብቻ!» አለች። የኔ የፋብሪካው ነው።

ከወገብ በታች አደንዝዘውኝ፣ እያወራሁ ተሠራልኝ። በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አታንሳ ተባልኩ፤ የከበደኝ እሱ ነው። በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራም አለ። ቶሎ ያገግሙበታል፤ ግን ሙሉ ማደንዘዣና መሣሪያው ያለው ቤት ይፈልጋል።

ሁሉም ቡአ ወዲያው በቀዶ ሕክምና አይሠራም። የማያም ከሆነ ሐኪም አይቶት እየተከታተለ ሊያቆየው ይችላል። የሕፃናት የእንብርት ቡአም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይደፈናል፤ የብሽሽታቸው ግን ይሠራል። እብጠቱ ጠንክሮ አልገባ ካለ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ማስታወክ ከመጣ፣ ፈስና ሰገራ እምቢ ካለ (ይቅርታ፣ ሐኪሙም በስሙ ነው የጠራው) በዚያው ሌሊት ነው መሮጥ። አንጀቱ ታንቆ ይሆናል።

ቡአ የምንለው ሁሉ ደግሞ አንጀት አይደለም፤ ውሃ የቋጠረም አለ። እሱን ሐኪም ይለየው። እናንተ ብቻ «ቡአ» ብላችሁ ጻፉልን።

ልጁ ሰኞ ሊታይ ነው። ይህን ደብዳቤ ሳነብለት አንድ ነገር አስፋቀኝ፤ የትኛው ወፍጮ ቤት አጠገብ እንደሚቆም ጽፌ ነበር።

የእህል ነጋዴው፣ ከጎንደር