ስታዲየሙ ሲታደስ ታሪኩም ቦታ ይሰጠው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ አዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት የሚወጡ ዘገባዎችን እከታተላለሁ። ብሔራዊ ቡድናችን በሜዳው ሊያደርጋቸው የሚገቡ ጨዋታዎችን በሰው አገር ለመጫወት ከተገደደ ወዲህ ስለ ሣሩ፣ ስለ ወንበሩና ስለ መልበሻ ክፍሉ በብርቱ መጠየቁ ተገቢ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ስታዲየሙ ያየውን ታሪክ ለገቢው ሰው የሚናገር አንድ ምልክት ይቁም የሚል ሐሳብ ሲነሳ አልሰማሁም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የገጠመችው ቀደም ባሉት ሁለት ውድድሮች ሁለቱንም ጊዜ 4 ለ 0 የረታቻትን ግብፅን ነበር። እንግዶቹ ሁለት ጊዜ መሩ፤ በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ዋንጫውን ለአምበሉ የሰጡት ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። እስከ ዛሬ ሁለተኛ የአፍሪካ ዋንጫ አላገኘንምና ያ ቀን በዚያው ሜዳ ላይ ሊዘከር ይገባዋል ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ስታዲየሙ የ1960ውንና የ1968ቱን የአፍሪካ ዋንጫም አስተናግዷል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነውም እዚያው ነው።

ከዋንጫው ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ የተመልካቹ ባህል ነው። የስታዲየም ሰው የተቀመጠበትን ተራ ሲናገር ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ ወይም ከማን አንሼ ነበርኩ ይላል እንጂ የበር ቁጥር አይጠራም። ሲሚንቶው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ፣ ቆሎውን ከማያውቀው ጎረቤቱ ጋር እየተካፈለ፣ ጊዮርጊስና ቡና በሚገናኙበት ቀን ገና በጠዋት የተሰለፈው ሕዝብ ለየተራው ስም ያወጣው ማንም ሳያዘው ነው። እርግጥ ነው፣ ከየተራው ይወረወር የነበረው ስድብ ሁሉ ይጠበቅ የሚል ሙግት የለኝም።

ስለዚህ የሚመለከተው አካል ሁለት ነገር እንዲያስብበት እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ወንበሮቹ ቁጥር ሲሰጣቸው ነባሮቹ ስሞች በመግቢያ በሮችና በትኬቶች ላይ እንዲጻፉ ነው። ሁለተኛው፣ በክቡር ትሪቡን፣ ማለትም በክብር እንግዶች መቀመጫ፣ ውስጥ በተሸሸገ ቦታ ሳይሆን ተመልካች ሁሉ በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ የ1954ቱ ቡድን ስም ዝርዝር እንዲቀረጽ ነው፤ ሲቀረጽም ግብ ያገቡት ብቻ ሳይሆኑ በተጠባባቂነት የተቀመጡትም አብረው ይግቡ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ