ካቴና አትከልክሉን፣ አስተሳሰሩን አስተምሩን

ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣው አዘጋጆች። በቅርቡ ከአንባቢ የተላከ ብላችሁ ባወጣችሁት ደብዳቤ ላይ ጸሐፊው ካቴና፣ ማለትም ድጥ ላይ እንዳያዳልጥ ጎማ ላይ ሚታሰረውን ሰንሰለት፣ ያሰሩ ትራክተሮች የገጠሩን መንገድ እያረሱት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ይከልከል ብለው ነበር። እኔ ጅማ ከተማ የትራክተር መካኒክ ነኝ፣ በብዛት ምሰራውም የማህበራትንና የቡና አምራቾችን ትንንሽ ትራክተሮች ነው፣ እና ነገሩ በወሬ ብቻ ሄዶ ሄዶ ሁሉም ጋ እገዳ ከመሆኑ በፊት ማውቀውን ልናገር ብዬ ነው። ከአጋሮ ወዲያ ያለ አንድ ቀበሌ እኮ ባለካቴና ትራክተር እንዳያልፍ ገመድ ወጥሯል። የጸሐፊው ቅሬታ እውነት አለው፣ መንገዱ ህዝብ አዋጥቶና ጉልበቱን ሰጥቶ ያሰራው መንገድ ነው። መፍትሄ ያሉት ነገር ግን ሚጎዳው ገበሬውን ነው።

የኛ ዝናብ ሀምሌና ነሐሴ ጥሎ ሚያበቃ አይደለም፣ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፣ ቡናው እየተለቀመም ሚዘንብበት ጊዜ አለ። አፈሩ ቀይ ነው፣ ሲርስ ላዩ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፣ ስሩ ግን ጠንካራ ነው። የትራክተር ጎማ ጥርሱ ትልቅ ስለሆነ ምንም አይነካውም ሚሉ ሰዎች አሉ፣ እሱ በጤፍ ማሳ ላይ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ቀይ ጭቃ ግን ጥርሱ መሃል ገብቶ ሲጠቀጠቅ ጎማው ልሙጥ ይሆናል፣ ከዛ በኋላ ነዳጅ ብትሰጠው እዛው ይሽከረከራል እንጂ አይራመድም። ትንሿ ትራክተር ደሞ፣ ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላትን ማለቴ ነው፣ ክብደቷ ቀላል ስለሆነ መሬት ቆንጥጣ መያዝ አትችልም። እና ዳገቱ ስር ተሳቢዋ ላይ እሸት ቡና እንደተጫነ ትቆማለች። እሸት ቡና በዛው ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ጆንያው ውስጥ ይሞቅና ይብላላል፣ ከዛ በኋላ ምንም ብታጥበው ጣዕሙ አይመለስም፣ ደረጃው ይወርዳል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ዓመት ሙሉ የጠበቀውን ገንዘብ አንድ ዳገት ላይ ያጣል ማለት ነው።

ካቴና የበረዶ አገር እቃ ነው፣ እኛ ጋ ምን ይሰራል ሚሉም አጋጥመውኛል። በ1904 በፈረንጅ አቆጣጠር ሃሪ ዊድ የተባለ የኒውዮርክ ሰው የጎማ ካቴናን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ችግሩ በረዶ ብቻ አልነበረም፣ የዛን ጊዜ ሹፌሮች ጭቃም ሲያስቸግራቸው ጎማቸው ላይ ገመድ ሲጠመጥሙ አይቶ ነው ይባላል። ስለዚህ ጭቃው ውስጥ የገባነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

ሚኒሶታ ያለው የአጎቴ ልጅ በነሱ ክረምት ስራው በትንሽ ትራክተር በረዶ መጥረግ ነው፣ ትራክተሯም እኔ ጋ ለጥገና ከሚመጡት ብዙም አትለይም፣ ከፊቷ በረዶ ሚገፋ ሰፊ ምላጭ ወይም አካፋ ታስሮላታል። በስልክ ስናወራ ሁሌ ሚነግረኝ ካቴናና ክብደት አይነጣጠሉም ብሎ ነው። ከፊት ያለው አካፋ ሲሞላ ኋላዋ ይቀላል፣ ኋላዋ ከቀለለ ካቴናው መሬት ሳይነክስ ይፍተለተላል፣ ስለዚህ ከኋላ ከባድ ነገር ያንጠለጥላሉ ወይ የኋላ ጎማው ውስጥ ፈሳሽ ይሞላሉ። እነሱ እንዳይቀዘቅዝ ጨው ነገር ወይ ሌላ ፈሳሽ ይቀላቅሉበታል፣ እኛ ጋ ንጹህ ውሃ ይበቃል፣ ሶስት አራተኛ ያህል ሞልቶ ቀሪውን በአየር መንፋት ነው። ይሄ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል፣ ወጪውም ከምንም አይቆጠርም፣ ግን ሚያደርገው ሰው ብዙም አላየሁም።

ሌላው የካቴናው አይነት ነው። እንደ መሰላል ተሻጋሪ ብረት ብቻ ያለው አለ፣ እሱ ለመኪና ጎማና ጥርሱ አጭር ለሆነ ጎማ ነው። የእርሻ ትራክተር ጎማ ላይ ስታስሩት ተሻጋሪው ጥርስና ጥርስ መሃል ይሰምጥና ያላሰራችሁ ያህል ይሆናል። ለኛ ሚሆነው እንደ መረብ የተጠላለፈው ነው፣ ጎማው በየትኛውም በኩል ሲዞር የሆነ ብረት መሬት ይነካል፣ ትንሽ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስም ጥርሱ መሃል ያለውን ጭቃ ይፈለፍለዋል።

አሁን ወደ መንገዱ ጉዳይ ልምጣ። ጸሐፊው ያዩት ቦይ የተቆፈረበት መንገድ እኔም አይቼዋለሁ፣ ግን ማን ነው የቆፈረው? አብዛኛው ሰው ካቴና ብሎ ሚያስረው እኮ ካቴና አይደለም። ፌሮ ቆርጦ በያጅ ጋ ወስዶ ቀለበት ያሰራል፣ ወይ መኪና መጎተቻ ሰንሰለት ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ይጠመጥማል። የጎማ ካቴና ብረቱ ተጠንክሮ የተሰራ ነው፣ መጎተቻው ግን ድንጋይ ላይ ሲፋተግ ይበጠስና ተወርውሮ ፓራፋንጎውን ይመታል፣ ሲብስም አክሱ ላይ ይጠመጠማል። ሁለት ቦታ ብቻ የታሰረ ብረት ደሞ ጎማው በዞረ ቁጥር መሬቱን እንደ ዶማ ይቆፍረዋል። ከሱ እኩል መንገድ ሚያበላሸው ባዶ ጎማ ነዳጅ ተረግጦበት አንድ ቦታ ሲሽከረከር ነው፣ በደንብ የታሰረ ካቴና በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲሄድ ግን ረግጦ ያልፋል። እገዳው ታዲያ የትኛውን ነው ያስቆመው? ፌሮውን ሚያስረው ማታ ማታ እያለፈ ነው፣ የቆመው ደህና ካቴና የገዛው ነው።

አስተሳሰሩን ባጭሩ ላስረዳ፣ ብዙ ሹፌር ሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ። ጭቃው ውስጥ ከገቡ በኋላ ሳይሆን ደረቁ ላይ ሆኖ ነው ሚታሰረው። ካቴናው ከላይ ጎማው ላይ ይለበሳል፣ የመንጠቆዎቹ ጫፍ ወደ ውጭ መዞር አለበት፣ ወደ ውስጥ ከሆነ ጎማውን ይበሳዋል። ትራክተሯ ግማሽ ዙር ወደፊት ትሄዳለች፣ ሞተር ጠፍቶ የእጅ ፍሬን ተይዞ ፓራፋንጎው ስር በእጅ ገብቶ መጀመሪያ የውስጠኛው ጎን ይቆለፋል፣ ቀጥሎ የውጭኛው። የላላውን በከመነዳሪ ቁራጭ ከየአቅጣጫው ወደ ቸርኬው መሃል መወጠር ነው። ትንሽ ተነድቶ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ግዴታ ነው፣ መጀመሪያ ሲሄድ ሁሌም ይላላል። ጎማውና ፓራፋንጎው መሃል እጅ ሚያስገባ ክፍተት ከሌለ ካቴና አለማሰር ይሻላል።

ካቴና ግን ሁሉን ያወጣል ማለት አይደለም። ስሩ ጠንካራ የሆነ ድጥ ላይ ነው ሚሰራው። ስር የሌለው ማጥ ውስጥ ካስገባችሁት ግን እየቆፈረ ትራክተሯን በሆዷ ያስቀምጣታል፣ እዛ ጋ መመለስ ነው ያለው። ቁልቁለት ላይም ጥንቃቄ አለ፣ ብዙዎቹ ትንንሽ ትራክተሮች ፍሬናቸው የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ስለሆነ ካቴናው በደንብ ያግዛል፣ ተሳቢው ግን ፍሬንም ካቴናም ስለሌለው ከኋላ ይገፋል፣ ጭነት መቀነስ ያስፈልጋል፣ ጆንያው ላይ ሰው መጫንማ ጭራሽ መታሰብ የለበትም።

ከሁሉም በላይ ሚያስፈራኝን ልናገር። ተሰንቅራ የቀረች ትራክተር ጎማ ላይ ግንድ አስረው ለመውጣት ሚሞክሩ አሉ፣ እባካችሁ ተዉት። ጎማው ነክሶ መዞር ሲያቅተው የሞተሩ ጉልበት የትራክተሯን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሳል፣ ሹፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ሳይጨርስ በጀርባዋ ትገለበጥበታለች። ሲጎተትም ከታችኛው መጎተቻ ብቻ ነው፣ ከአክስ በላይ ታስሮ ከተጎተተ ያው ነው ሚሆነው። ካቴና ጉልበት ስለሚጨምር ይሄን አደጋም ይጨምራል፣ ለዚህ ነው ስልጠና ሚያስፈልገው ምለው።

ስለዚህ ሀሳቤ ይሄ ነው። አስፋልትና ኮረት የፈሰሰበት መንገድ ላይ ካቴና ይከልከል፣ እስማማለሁ፣ አስፋልቱንም ካቴናውንም ይበላል። የጭቃ መንገዱ ሚጀምርበት ቦታ ላይ ግን ማሰሪያና መፍቻ ሜዳ ይከለል፣ ብዙ ወጪ የለውም፣ ትንሽ ድንጋይ የተነጠፈበት ቦታ ይበቃል። ፌሮና መጎተቻ ሰንሰለት ይታገድ። ትራክተር ሻጮች ወደዚህ አካባቢ ሚሸጡትን ትራክተር ከጎማው ልክ ካቴና ጋር ያቅርቡ፣ አሁን ገዢው ትራክተሩን ይዞ ሄዶ ጭቃ ውስጥ ነው ካቴና ሚያስበው። እዚሁ ጅማ ደሞ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል አለን፣ ለዚህ አፈርና ለነዚህ ጎማዎች ሚሆን ካቴና ሰርቶ ቢፈትሽና በያጆቻችንን ቢያሰለጥን ፌሮው በራሱ ጊዜ ይቀራል፣ እኔም ጋራዤ ውስጥ ያለኝን ልምድ ያለ ክፍያ ለማካፈል ዝግጁ ነኝ።

ያንን ደብዳቤ የጻፉት ወንድሜ ፈቃዳቸው ከሆነ መንገዱ ላይ አብረን ሄደን ብናየው ደስ ይለኛል፣ አድራሻዬ እናንተ ጋ አለ። ጋዜጣችሁም የመንገድና የግብርና ባለሙያዎችን ጠይቆ ከሰኔ በፊት ቢያወጣልን፣ ሰኔ ከገባ በኋላ ሹፌሩም መካኒኩም ጭቃ ውስጥ ስለሆነ ሚያነብ አይገኝም።

አንድ የትራክተር መካኒክ
ከጅማ