አባዬ የተከለውን አትንቀሉት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረው፤ የምነግርሽ ብዙ ነው።

ብሩን ልኬያለሁ፤ የሚስጥር ቁጥሩ ጋሼ ጋ አለ። ካሰባችሁት እንደሚያንስ አውቃለሁ። በታኅሣሥ እጨምርበታለሁ፣ ለሚጡ የጥር ወር ሠርግ ይደርሳል። ለምን አነሰ ብላችሁ አትጨነቁ። በፎቶው ከስተሻል ያልሽውም የመብራቱ ነገር ነው። ስለ ቤሩት በቴሌቪዥን የምታዩትን ሁሉ ከእኔ ጋር አታያይዙት፤ ያለሁበት ሰፈር ሰላም ነው። እናንተም መንገዱ ሲዘጋ "ኔትወርክ አልነበረም" እያላችሁ እንደምታልፉኝ አውቃለሁ እኮ።

ባለፈው ስልኩን ድንገት የዘጋሁት፣ ከዚያም ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። ሚጡ ስለ ሠርጉ በደስታ ስታወራኝ ቆይታ "ጋሼ ለድንኳኑ ሲል የአባዬን ቀይ አበባ፣ ሂቢስከሱን፣ ሊነቅለው ነው" አለችኝ። እንባዬ መጣ። ሙሽራ ልጅ ለቅሶዬን እንድትሰማ አልፈለግኩም።

ጋሼ፣ ለእማዬ የምታነብላት አንተ ነህና እዚህ ጋ አትዝለል። ድንኳን ቦታ እንደሚፈልግ ይገባኛል። ከመንዝም ከአንኮበርም ዘመድ ይመጣል፣ ግቢው ጠባብ ነው። ሁሉ ነገር አንተ ትከሻ ላይ መውደቁንም አልረሳሁም። "ሩቅ ሆና ለአበባ ታዝናለች፣ እዚህ ያለነው እኛ ነን" ብለሃል አሉ። እውነትህን ነው፣ እዚያ ያለኸው አንተ ነህ። ግን እኔም እዚህ የተቀመጥኩት ለራሴ ብዬ አይደለም። ይህን ደግሞ አታናግረኝ።

መንቀል አያስፈልግም። ከጉልበትህ ዝቅ አድርገህ ቁረጠው። ሂቢስከስ የሚያብበው በአዲስ ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ሥሩ ካልተነካ ያቆጠቁጣል። የቆረጥከውንም አትጣለው። ውፍረቱ እርሳስ የሚያህለውን መርጠህ በስንዝር በስንዝር ቁረጥ። የታች ቅጠሉን አራግፈህ ጥላ ባለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ሰካው። በአንድ በሁለት ወር ሥር ያወጣል።

አባዬ ያንን ተክል ከናዝሬት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። አውቶቡሱ ጣርማበርን ሲወርድ ጭኑ ላይ እንዴት እንደያዘው ለመጣ ለሄደው ያወራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅርንጫፍ ያልወሰደ ጎረቤት የለም። ከቅርንጫፍ የበቀለ ሂቢስከስ ደግሞ የዚያ ተክል ልጅ አይደለም፣ ያው ራሱ ነው። አባዬ በእጁ ይዞ የመጣው እሱው ነው የሰፈሩን አጥር ሁሉ ያቀላው። ከጠፋ በዘር አይመለስም።

ዘር ካነሳሁ አይቀር፣ እማዬ፣ የሂቢስከስ ዘር ልኬልሻለሁ። ፍሬ አለው እንዴ እንደምትይ አውቃለሁ። የእኛው ቀይ አብቦ ይረግፋል እንጂ ፍሬ ሲይዝ አይተን አናውቅም። እኔም ያየሁት እዚህ ነው። ፊት ለፊት ያለው ቤት የምትሠራው ልጅ ፊሊፒናዊት ናት፤ በአገሯ ጉማሜላ ይሉታል። ሎስ ባኞስ ያለው ዩኒቨርሲቲያቸው አዳዲስ ዓይነት እያዳቀለ በሴት ሳይንቲስቶቻቸው ስም ይሰይማል ብላ በኩራት ነግራኛለች። በእጅ ማዳቀሉን ያሳየችኝም እሷ ናት።

ማዳም በረንዳ ላይ መሐሉ ቀይ የሆነ ቢጫ አለ። የፊሊፒናዋ ብርቱካናማ ነው። አበባው ጠዋት ይከፈትና ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ የለም፤ ስለዚህ ሥራው የጠዋት ነው። ከመሐሉ ረጅም ዘንግ ይወጣል። ዘንጉ ዙሪያውን ቢጫ ዱቄት አለው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አምስት ትናንሽ ክብ ራሶች። የብርቱካናማውን ዱቄት ወስጄ የቢጫውን አምስቱንም ራሶች አለብሳቸዋለሁ። ከማን ጋር እንዳዳቀልኩት እንዳይጠፋኝ አንገቱ ላይ ክር አስራለሁ። አበባው ሲረግፍ ከሥሩ ያለው አረንጓዴው አብሮ ከወደቀ አልያዘም ማለት ነው። ከቀረና ካበጠ ይዟል። ሙቀት ሲበረታ ብዙው ይወድቃል፤ የቤሩት ነሐሴ ለዚህ ክፉ ነው። የያዘው ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ዘሩ እንዳይበተን ቀደም ብዬ በስስ ጨርቅ አስረዋለሁ።

ማዳም ሳትነሣ በዚያ በረንዳ ላይ የምቆምባት ጊዜ የእኔ ናት። የግቢያችን አፈር ውኃ ሲነካው ያለው ሽታ ይመጣብኛል። አንቺ ቡና ስትቆዪ፣ ሚጡ ስትጮህ፣ አባዬ ከበር ሲያስል ይሰማኛል። እማዬ፣ እዚህ ላይ ብዙ ባልቆይ ይሻላል።

አዘራሩን ልንገራችሁ። ዘሩ ጠቆር ያለ፣ ጠጉራም፣ ከአተር ያነሰ ነው። ሚጡ በምላጭ ክብ በሆነው ጎኑ ቅርፊቱን ትንሽ ትጫረው። ሹሉን ጫፍ እንዳትነካ፤ ሥሩ የሚወጣው በዚያ ነው። ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፋ ታሳድረው። ከዚያ በላላ አፈር ውስጥ የጥፍር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ጭቃ አይሁን። ሮቢት ሙቀት ስላላት በሳምንት በሁለት ሳምንት ብቅ ይላል። ኃይለኛ ፀሐይ ከልክሉት። አንዳንዱ በዓመቱ ያብባል፣ አንዳንዱ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ዘገየ ብላችሁ አትጣሉብኝ።

ቀለሙን አትጠይቂኝ። ከአንድ ፍሬ የወጡት እንኳ እንደ እኔ፣ እንደ ጋሼና እንደ ሚጡ ናቸው፤ አንዱ ካንዱ አይገጥምም። እናቱ ቢጫ፣ አባቱ ብርቱካናማ ነው ብዬ ይህ ይወጣል ማለት አልችልም። የአባዬን ቀይ ግን አትጠብቂ። ለዚህ ነው ሁለቱም ግቢው ውስጥ እንዲኖሩ የምለምናችሁ።

ሚጡዬ፣ ደብረ ብርሃን ልትገቢ ነው። ሮቢት ያደገ ሰው ያንን ብርድ እንዴት ይችለዋል እያልኩ አስባለሁ። እዚያው የሚሠራውን ብርድ ልብስ ከታኅሣሡ ብር ላይ ግዢ፣ ለጋሼ ነግሬዋለሁ በይው። ችግኝ ስትወስጂ በጣሳ አድርገሽ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ አስቀምጪው። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ውጭ ካገኘው ይገድለዋል። ባልሽን በስልክ አናግሬው ወደድኩት፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ሰው ያዳምጣል። ፀጉርሽን ግን ማን ሊሠራሽ ነው? ለበዓሉም ለትምህርት ቤቱም የምሠራሽ እኔ አልነበርኩ? ልምጣ ብዬ ጠይቄያለሁ፣ ፈቃድ አላገኘሁም። መጠየቄን ብቻ እወቂልኝ።

እማዬ፣ ግፊትሽ ከፍ ብሏል የሚለውን ለምን ከሰው እሰማለሁ? ከርከዴ ጠጪ ብለውሻል አሉ። ከርከዴ የሂቢስከስ ዘመድ ነው፣ ግፊትም ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። የኪኒን ምትክ ግን አይሆንም፤ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትጀምሪው። አበባ አበባ ነው ተብሎ የግቢው ተቀቅሎ እንዳይጠጣ። ጨው ቀንሺ። ኪኒንሽን ደህና ስትሆኚም አታቋርጪ፤ ደህና የሆንሽው በእሱ ነው።

ዘሩን የምታመጣው የደብረ ሲና ልጅ ናት። ለሚጡ ከላክሁት ሻርፕ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልሏል፤ ሻርፑን ስትዘረጉ እንዳይፈስ። ቀድሞ ላበበው ስም የምታወጪለት አንቺ ነሽ፣ ለማንም እንዳትተዪ።

ጋሼ፣ ድንኳን ተካዮቹ ከመምጣታቸው በፊት ደውልልኝ። ሌሊትም ቢሆን አነሳዋለሁ።

ልጅሽ