ቆርኪ ሳንቲም አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ልጆች ፕሮባቢሊቲን (የዕድል ስሌትን) በጨዋታ ስለሚማሩበት ክፍል ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ፎቶው ያምራል። ባለቀለም ዳይስ፣ አዲስ ምንጣፍ፣ ሃያ የማይሞሉ ልጆች። ርዕሱን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ አራተኛው አንቀጽ ላይ አለቀ። «ዳይስ መግዛት የማይችሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በቆርኪ ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ ቆርኪም እንደ ሳንቲም ሁለት ገጽ ስላለው ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው» ይላል።

ማን ነገራችሁ?

እንዲህ ከሆነማ ነገ የምቆርጠው ሎተሪም ወይ ይወጣልኛል ወይ አይወጣልኝም። ግማሽ በግማሽ! ታዲያ እኔ ጠመኔ ይዤ ምን ያቆመኛል?

ሳንቲም ግማሽ በግማሽ የሚሆነው ሁለቱ ገጾቹ በቅርጽም በክብደትም ስለሚመሳሰሉ ነው። ቆርኪ በአንድ ወገን ልሙጥ ነው፤ በሌላው ወገን ጥርሱ ዙሪያውን ቆሟል። አወዳደቁ እኩል ይሆናል የሚያሰኝ ነገር የለውም። ስንት እንደሆነ ደግሞ ቁጭ ብለው በቀመር አያገኙትም። ወርውሮ መቁጠር ነው። እኛ ቆርኪ የምንወደው ለዚህ ነው እንጂ ዳይስ ስለቸገረን ብቻ አይደለም።

የእኔ ተማሪዎች መጀመሪያ ይገምታሉ። አብዛኞቹ ልክ እንደ እናንተ «ግማሽ ግማሽ» ይላሉ። ከዚያ በየዴስኩ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይጽፋል። አሥር አሥር ጊዜ ሲወረውሩ የየዴስኩ ውጤት ለየቅል ይሆንና ጭቅጭቅ ይነሳል። የሁሉንም ሰሌዳ ላይ ስንደምረው ግን ወደ አንዱ ወገን ማዘንበሉ ይታያል። አንዷ ተማሪ ቆርኪውን በድንጋይ ጨፍልቃ «አሁንስ ቲቸር?» አለችኝ። እንደገና ወረወርን። ቁጥሩ ተለወጠ። የእናንተ አራተኛ አንቀጽ ይህን ሁሉ ነው የሰረዘው።

እርግጥ ዕድል ሲቆጠር መሳሳት የቆየ ነገር ነው። ዳላምቤር የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1754 ሳንቲም ሁለቴ ሲወረወር ቢያንስ አንዴ ጎፈር የመውጣት ዕድሉ 2/3 ነው ብሎ በኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ተከራክሯል። ትክክሉ 3/4 ነው፤ ከአራቱ እኩል አወዳደቆች ጎፈር የሌለበት ሁለቴ ዘውድ የወጣበት ብቻ ነዋ። ልጆቼ ስሙኒና የአንድ ብር ሳንቲም አብረው ይወረውራሉ። ስሙኒው ጎፈር ሆኖ ብሩ ዘውድ ሲሆንና ስሙኒው ዘውድ ሆኖ ብሩ ጎፈር ሲሆን ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን በዓይናቸው ያዩታል። ዳላምቤር እንኳ ተከራክሮ ነው የተሳሳተው። እናንተ ቆርኪ አንስታችሁ ማየት አቃታችሁ።

በዚህ ቆርኪ ሰበብ ያልሰማሁት የለም። አንድ ተቆጣጣሪ «ክፍሉ ጫጫታ ይበዛዋል» ብሎ ጽፎብኛል። አንድ አባት «መምህር፣ ልጄን ቤቲንግ ነው እንዴ የምታስተምሩት?» ብለው መጥተዋል። ቤቲንግ ቤት ለምን እንደማይከስር ልጃቸው የሚገባው በዚሁ ጨዋታ መሆኑን እስካስረዳቸው ላብ አጠመቀኝ። ያኔ ካሜራ ይዞ የመጣ የለም። አሁን ዳይሱ ከውጭ ሲገባ «በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ» ሆነ። እንኳን ደስ ያላችሁ።

እርማት አውጡ። «ይቺ ምን አላት» የሚል አዘጋጅ ካለ ደግሞ በቅርብ ካለው ግሮሰሪ ሃምሳ ቆርኪ ሰብስቦ ይወርውርና ቁጥሩን ይላክልኝ። ተማሪዎቼ ከእኛው ጋር ይደምሩታል።

አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር
ከደብረ ብርሃን