ግራጫ ክዳን ያላት ቲዩብ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ሕክምና ትምህርት ሲጻፍ ወሬው ሁሉ ስለ ተማሪ ብዛት፣ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ምደባ ነው። እኔ ዛሬ ማንም ትዝ ስለማይለው ስለ ባዮኬሚስትሪ፣ ማለትም በሰውነታችን ውስጥ ስላለው ኬሚስትሪ፣ ልጽፍ ነው። አዎ፣ ያ ፒሲ ዋን (የቅድመ ክሊኒክ የመጀመሪያው ዓመት) ላይ እንቅልፍ አሳጥቶን፣ ከፈተናው በሳምንቱ ከጭንቅላታችን ውልቅ ብሎ የሄደው ኮርስ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። እንደተመረቅኩ የተመደብኩት ቆላ ውስጥ ያለ ሆስፒታል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተኝተው የሚታከሙ አንድ አባት የላብራቶሪ ውጤት መጣልኝ። የደም ስኳር 58። ወርዷል ብዬ አርባ ፐርሰንት ግሉኮስ በደም ሥር እንዲሰጣቸው አዘዝኩ። ሲስተሯ ትእዛዙን አየች፣ ወደ አልጋው አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። "ዶክተር፣ አባባ እኮ ከጎን አልጋው ጋር ስለ በሬ ዋጋ እየተከራከሩ ነው። መጀመሪያ በጣታቸው ልየው?" በጣታቸው ሲታይ 104።

ተናድጄ ላብራቶሪ ሄድኩ። የላብራቶሪ ባለሙያዋ መዝገቡን ገልጣ አሳየችኝ። ደሙ የተቀዳው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። መብራት ጠፍቶ ደሙን አሽከርክሮ ሴሎቹን የሚለየው ሴንትሪፊዩጅም መለኪያ ማሽኑም የተነሱት 9 ሰዓት ላይ ነው። እኛ ደግሞ የላክነው በቀይ ክዳን ቲዩብ ነው። "ቀይ የደም ሴሎቹ እኮ ሰባት ሰዓት ሙሉ ስኳሩን ሲበሉ ነው የዋሉት፤ በግራጫው ብትልኩት ኖሮ ይተርፍ ነበር" አለችኝ።

ግራጫው ውስጥ ያለው ሶዲየም ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ ደግሞ ኢኖሌዝ የሚባለውን ኢንዛይም አግዶ ግላይኮሊሲስን፣ ማለትም ሴል ስኳርን ደረጃ በደረጃ የሚሰብርበትን ሂደት፣ ያቆማል። ይህን እኔ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እንኳ እወጣዋለሁ! ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሻለሁ። አሥሩን የግላይኮሊሲስ እርምጃ በቅደም ተከተል ሸምድጄያለሁ፤ አንዲትም አልሳትኩም። ግን ያ ፍሎራይድ በየቀኑ ከፊቴ በሚያልፈው ቲዩብ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ያ ግላይኮሊሲስም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ባለ ደም ውስጥ መብራት እስኪመጣ ሳይጠብቅ እየሄደ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ስላይድ ጥግ ላይ ተጽፎ ይሆናል። በእጄ ግን ነክቼው አላውቅም።

ላብ አልነበራችሁም ወይ የሚል ይኖራል። ነበረን፣ ጋዋን ለብሰን እንገባ ነበር። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አርባ ምናምን ሆነን እንቆማለን፣ ፊት ያሉት ሦስት ተማሪዎች ቤኔዲክት የሚባለውን የስኳር መለያ ፈሳሽ ከስኳር ጋር ያሞቃሉ፣ ሰማያዊው አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ የሸክላ ቀለም ሲሆን ከፊት "ዋው" ይባላል፣ ከኋላ ያለነው ስልክ እንነካካለን። በብርሃን የፈሳሽን ይዘት የሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር አምፖሉ ተቃጥሎ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ሪፖርቱን ከሲኒየሮች ሪፖርት ላይ እንገለብጣለን፤ የእነሱን ስህተት ጭምር። መምህሩም ያውቃሉ፣ እኛም እንደሚያውቁ እናውቃለን። በመምህሩ አልፈርድም፤ ብቻቸውን ምን ያድርጉ?

በጀት የለም የሚለው መልስ ግማሹ እውነት ነው። ለስፔክትሮፎቶሜትር አምፖል በጀት ያስፈልጋል። ለአንድ ቁራጭ የበግ ጉበትና ከፋርማሲ ለሚገዛ የቁስል ማጠቢያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግን ያን ያህል በጀት አይጠይቅም። ጥሬውን ጉበት ስትነክሩት አረፋው እየገነፈለ ይወጣል፤ ካታሌዝ የሚባለው የጉበቱ ኢንዛይም ሥራ ላይ ነው። የተቀቀለውን ስትነክሩት ዝም። ኢንዛይም በሙቀት ይበላሻል የሚለውን ነገር ከዚህ በኋላ መሸምደድ አያስፈልግም። በተቀቀለ ድንች ውሃ ላይ አዮዲን ጠብ አድርጉና የራሳችሁን ምራቅ ጨምሩበት፤ አንዱን ብልቃጥ በረዶ ላይ፣ አንዱን ብብታችሁ ሥር አቆዩት። የትኛው ሰማያዊነቱን ቶሎ እንደሚያጣ ተማሪው ራሱ ሰዓት ይዞ ይንገራችሁ።

አይብማ አለላችሁ። ወተት ላይ ሎሚ ሲጨመቅ አሲድነቱ ፒኤች 4.6 አካባቢ ሲደርስ ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን ኤሌክትሪካዊ ሙሌቱ ዜሮ ይሆንና እርስ በርሱ ተያይዞ ይረጋል። እናቴ አሬራውን ለስለስ ባለ እሳት ስታሞቅ ይህንኑ ኬዚን ነበር የምታወጣው። የቀረውን አጓት ደግሞ ጥዳችሁ አፍሉት፤ አሁንም ነጭ ነገር ይወጣል። ያ ሌላ ፕሮቲን ነው፣ አሲድ ያልበገረው ግን ሙቀት የሚያሸንፈው። እኔ ይህን ያየሁት ተመርቄ እቤት ስመጣ ነው፣ ጉድ በሉ።

ትልልቆቹ ሰዎችም የጀመሩት እንዲህ ነው። የባዮኬሚስትሪ ሊቁ ሃንስ ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1937 ሴሎች ከምግብ ኃይል የሚያወጡበትን፣ በስሙ የሚጠራውን ዑደት ሲያወጣ ይሠራበት የነበረው የተፈጨ የርግብ የደረት ሥጋ ነው። ለምን ርግብ ብላችሁ አንድ ተማሪ ጠይቁ። ስትበር የምትደክምበት ጡንቻ ስለሆነ ኦክስጅን እየተጠቀመ በኃይል የሚያነድ ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ዑደቱን ስዕል አድርጎ ብቻ አያየውም።

ዋናው ልመናዬ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ የፒሲ ዋን ተማሪ አንድ የደም ናሙና ከክንድ እስከ ውጤት ይከተል። አብዛኛው የሕክምና ትምህርት ቤት አጠገቡ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ከፈቃደኛ ሰው ደም በቀይም በግራጫም ይቀዳ፣ ተማሪዎቹ በየሰዓቱ በግሉኮሜትር ይለኩ፣ በግራፍ ወረቀት ይሳሉ። ከሴሎቹ ሳይለይ በክፍል ሙቀት በተቀመጠ ደም ውስጥ ስኳሩ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ግራጫውም በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት ትንሽ ሲወርድ ያዩታል፤ ኢኖሌዝ ያለው ከመንገዱ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ ከላይ ያለው ኢንዛይም ለጊዜው ስኳሩን መያዙን አያቆምም። እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል። ያ ክርክር ከሃያ ስላይድ ይበልጣል። በእርግጥ የሰው ደም ነውና ጓንቱ፣ የመርፌ ማስወገጃ ሳጥኑና የሚቆጣጠር ባለሙያ ሳይኖር እንዳይነካ። ማንም ተማሪ ደም ስጥ ተብሎ እንዳይገደድም።

የላብራቶሪ ባለሙያዎቹም መጥተው ያስተምሩ። ደም ሲቀዳ ሴሎቹ ቢፈነዱ ፖታሲየም በውሸት ከፍ እንደሚል፣ ሐምራዊው ክዳን ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል ካልሲየምን እንደሚይዝ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ ሐኪሞች ግን ውጤቱ ሲዘገይ ለመጮህ ካልሆነ በሩን አናንኳኳም።

ስለ ነጥብ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ተማሪ ነጥብ የሌለውን ነገር አይማርም፤ እኔም አልማርም ነበር። ለተገለበጠ ሪፖርት አሥር ነጥብ ከመስጠት፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ምንነቱ ያልተነገረው አንድ ብልቃጥ ይሰጠውና ስኳር ይሁን ፕሮቲን ራሱ ለይቶ ይምጣ። ከማን ይገለብጣል?

በነገራችን ላይ፣ የዚያ ሆስፒታል ግራጫ ክዳን በየጊዜው ያልቅ ነበር። ባለሙያዋ መላ አላጣችም፤ በቀዩ ላይ ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት በእስክሪብቶ ካልጻፍን ናሙና አልቀበልም አለች። እስከ ዛሬ እጄ ልማድ ሆኖበት እጽፋለሁ።

አንድ ጠቅላላ ሐኪም