ይድረስ ለአባባ፣ ቢሾፍቱ

ውድ አባባ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ ይጠግኑት ስለነበረው የስዊድን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን፣ ስለ ቢ 17፣ ጀምሬልዎ መስመሩ ተቋረጠ፤ ይህ ነገር ደግሞ በተቆራረጠ ስልክ የሚወራ ስላልሆነ ልጻፈው አልኩ።

ከሊንሾፒንግ ከተማ ወጣ ብሎ ማልምስሌት በሚባል ቦታ የስዊድን አየር ኃይል ሙዚየም አለ። የአውሮፕላን ፋብሪካው ሳዓብ ቢ 17ን የሠራው እዚሁ ሊንሾፒንግ ነው፤ መጀመሪያ የበረረውም እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ከ300 በላይ ተሠርተው ለመብረር እንዲበቃ አድሰው የያዙት አንዱን ነው። እሱ ሲነሳ ለማየት የሚመጣው ሰው ብዛት! አብዛኞቹ በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የእያንዳንዱን አውሮፕላን ቁጥር እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ሚስቶቻቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ።

ከመነሳቱ በፊት አንዱ መካኒክ ፕሮፔለሩን በእጁ ቀስ እያለ ያዞረው ጀመር። አጠገቤ የቆመ ልጅ አባቱን ለምን እንደሚያዞረው ጠየቀው፣ አባትየው አያውቅም። እኔ ነገርኩት። ሞተሩ ሲሊንደሮቹ ዙሪያውን የተደረደሩበት ክብ ስለሆነ ሲቆም ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል፤ ያንን ሳያረጋግጡ ቢያስነሱት ዘንጉ ይጎብጣል፣ ሞተሩም አለቀለት። ስንቴ ነግረውኛል! ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው አዩኝና አንዱ ከየት እንዳወቅሁ ጠየቀኝ። «አባቴ ደብረ ዘይት እነዚህን ይጠግን ነበር» ስለው ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀኝ። ቡናው፣ ኬኩ፣ ጥያቄው።

ሲያስነሱት መጀመሪያ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ አሥራ አራቱ ሲሊንደሮች ተራ በተራ ያዙ። ደረቴ ውስጥ ገባ አባባ። ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ቁልቁል ሲወረወር ጎማዎቹን ዘረጋ፤ እነዚያ ትልልቅ የጎማ ሽፋኖች ነፋሱን እየገፉ ፍሬን ሲሆኑለት አየሁ። እርስዎ በእጅዎ መዳፍ እያሳዩ የነገሩኝን በዓይኔ አየሁት።

ሰዎቹ ስለ ኢትዮጵያ አያውቁም ማለት አይቻልም። አውሮፕላኖቹ ከእ.ኤ.አ. 1947 ጀምሮ ወደ እኛ እንደመጡ ያውቃሉ። ካውንት ፎን ሮዘንማ የራሳቸው ሰው ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ማብረሩን፣ በኋላ አየር ኃይላችንን ማደራጀቱን፣ በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ ጎዴ ላይ መገደሉን ሁሉ ይተርኩታል። የማያውቁት ሌሎቻችሁን ነው። ክንፉ ላይ የወጣውን፣ ግሪስ የጠረገውን ሰው። እዚያ ሙዚየም ውስጥ የእናንተ ዘመን በአንድ መስመር ያልፋል፣ ይኼ ደግሞ አናደደኝ።

ነገር ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፣ አይቆጡኝ። እነሱ እንደሚወዱት አድርጌ ልወደው አልቻልኩም። ስዊድን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ስለነበረች ቢ 17 በእነሱ እጅ ጦርነት አልገባም፤ ስለዚህ ፍቅራቸው የሚቆጠቁጥ ነገር የለበትም። እኔ ግን የአየር ኃይሉ ሰፈር፣ የሐረር ሜዳ ልጅ ነኝ። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ እማማ ግቢው በር ላይ ቆማ የወጡትን ኤፍ 5 ተዋጊ ጄቶቻችንን ትቆጥርና ስንት እንደተመለሱ ትጠብቅ ነበር። አብራሪዎቹ እነ ለገሠ ተፈራ የሶማሊያን ሚግ ጣሉ ሲባል ሰፈሩ እልል ሲል ትዝ ይለኛል፤ እሱ ራሱ ተመትቶ ሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ሲቀመጥስ? ይህንን ለሽማግሌዎቹ መንገር ጀምሬ ተውኩት።

ሌላም አለ። ወደ ትርኢቱ አብራኝ እንድትሄድ አንዲት የትግራይ ልጅ ጓደኛዬን ጋበዝኳት። «የአውሮፕላን ድምፅ ለመስማት ገንዘብ ከፍዬ?» አለችኝ። በሰኔ 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ገበያ ላይ ከአየር ኃይላችን አውሮፕላኖች የወረደውን ቦምብ እሷ በሕፃንነቷ ታውቀዋለች። እርስዎ ያኔ ከአየር ኃይል ወጥተዋል፣ የሚግ ብሎንም አልፈቱም፤ ይህን ነግሬያታለሁ። ግን የሬዲዮው ወሬ የመጣ ጊዜ ምን እንዳሰቡ አንድ ቀን አጫውተውኝ አያውቁም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። አሁን እየጠየቅሁ ነው።

የእነሱም ጥያቄ አለ። አውሮፕላኑ ለበረዶ አገር ተሠርቶ፣ ለክረምት በጎማው ፈንታ ስኪ የሚገጠምለት ሆኖ ሳለ፣ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ በቀትር ሙቀት ቦምብ ተሸክሞ እንዴት ይነሳ ነበር? ማኮብኮቢያው አልቆ ሜዳው ውስጥ የገባ አለ? በማለዳ ብቻ ነበር የምታስነሱት? መለዋወጫ ከስዊድን ሲዘገይስ ምን ታደርጉ ነበር? መጽሐፋቸው ውስጥ የለም፣ የሚያውቀው እናንተ ናችሁ፤ ከእናንተም ስንቱ እንደቀረ እርስዎ ያውቁታል።

መጻፉ ዓይንዎን ካደከመው የእህቴ ልጅ ስልኩን ይያዝልዎ፣ እርስዎ ይናገሩ። ሳሎን ያለውን፣ ቱታ ለብሳችሁ ክንፉ ሥር የቆማችሁበትን ፎቶም ያነሳልኝ፤ የሁሉንም ስም እርስዎ እየነገሩት ይጻፈው። አንዱ ሽማግሌ ቅጂውን ለሙዚየሙ ለመስጠት ጓጉቷል። እኔ ግን ስማቸው ከሥሩ ካልተጻፈ አልሰጥም ብዬዋለሁ፤ እርስዎ ካልፈቀዱም አልሰጥም።

የጉልበትዎን ቅባት ለጥምቀት በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

ልጅዎ